ከቃሬዛው ኋላ

መቱ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለዓያንቱ

አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽልኝ? እህትሽ ሻሽቱስ? ባሏ አራርሳስ? ቡርቃ ዲማ ላይ ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? የመቱን ታውቂዋለሽ፤ ሰማዩ አንዴ ከተከፈተ መዝጊያው ይጠፋበታል። እኔ ከጆሮዬ በቀር ሌላው አካሌ እንዳለ አለ። ባለፈው ስልክ ደውለሽ ስትጮኺ ጎረቤቶቼ ሁሉ ሰምተውሽ እኔ ብቻ ሳልሰማሽ ቀረሁ። ስለዚህ ጻፊልኝ። ወረቀት ላይ «ኧ? ምን አልሽ?» የሚባል ነገር የለም።

የአሥረኛ ክፍል ውጤትሽን አየሁት። እሰይ የኔ ልጅ! እንዲህ ነው እንጂ! አሁን ጤና ኮሌጁ ከዘረዘራቸው ሙያዎች የትኛውን ልሙላ ላልሽኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ድሬሰር ሆኖ ቁስል ያጠበ ሰው በመጠየቅሽ ዕድለኛ ነሽ። ፋርማሲ ንጹሕ ሥራ ነው፤ ኪኒን ቆጥረሽ ትሰጫለሽ፣ ልብስሽን ደም ሳይነካው ቤትሽ ትገቢያለሽ። ላብራቶሪ ከገባሽ የምትተዋወቂው ከሰው ጋር ሳይሆን ከሰው ሽንት ጋር ነው። ነርስነት መልካም ነው፤ ግን ነርስ የምታክመው የመጣላትን ነው። ችግሩ እሱ ላይ ነው። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ሆስፒታል ደጅ ቆሜ አንጀቴን የበላው፣ መጥቶ የሞተው ሳይሆን ሳይደርስ የቀረው ነው።

ከዝርዝሩ መጨረሻ «የድንገተኛ ሕክምና» የሚል አለ ብለሻል። በእኛ ጊዜ ስሙም አልነበረም። ለየወረዳው አምቡላንስ ሊሰጥ ነው፣ አብሮት የሚሄድ ባለሙያ ይሠለጥናል እያሉ ነው። መንገድ ድረስ ወጥቶ በሽተኛን የሚቀበል ሰው ማለት ነው!

እናትሽን ዲሪቤን የቡርቃ ዲማ ሰዎች ቃሬዛ ላይ አድርገው፣ ትከሻ እየተቀያየሩ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያመጧት የሶር ድልድይ ላይ ስትደርስ ነው ያረፈችው። አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ጋቢዋን በራስሽ ተሸክመሽ ከቃሬዛው ኋላ መጣሽ። ሰው ሁሉ በሬሳው ሲጣደፍ አንቺን ዞር ብሎ ያየሽ አልነበረም። ሻይና ዳቦ ሰጠሁሽ። ዳቦውን ጨረስሽና «ይሄ ምንድን ነው?» አልሽኝ። ፋሻ ነበር። መጥረቢያ እግሩን የመታውን ሰውዬ ቁስል እያሰርኩ ስለነበር «በይ ጫፉን ያዢልኝ» አልኩሽ። ያን ሁሉ ደም እያየሽ ጫፉን አልለቀቅሽም። በሆዴ «ይቺስ የዚህ ቤት ልጅ ናት» ያልኩት ያኔ ነው።

መጨረሻውን ሙዪ። ሻሽቱ የመጀመሪያ ልጇን በምጥ ብዛት እንዳጣች ረስቼው አይደለም። እንዲያውም ስለ እሷ ብዬ ነው።

ጋሼሽ ዲበኩሉ


ከጤና ጣቢያው፣ ኅዳር 4 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዲበኩሉ

ጤናዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? የሪህ መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ፤ ለሌላው ያዝዙ ነበር፣ ለራስዎ ሲሆን ይረሳሉ።

ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለት ወር አልሞላኝም፣ እርስዎ ግን የጥያቄ መዓት አወረዱብኝ። እንደ ተከሳሽ በተራ ልመልስ። አዎ፣ መኪናዋ ነጭ ናት። አዎ፣ ኦክስጅን አላት፣ አልጋዋም ይሳባል። አዎ፣ ሳይረን አላት፣ ግን ከላሞች በቀር የሚሰማን ስለሌለ ቀኖ አይነፋውም። ቀኖ ሾፌሩ ነው፤ ይህን ደብዳቤ የሚሰጥዎት እሱ ነው። መቱ በሽተኛ ባመጣ ቁጥር እርስዎ ዘንድ ብቅ ይላል። ሻይ ይጋብዙት፤ ስኳር ያበዛል። ስንት ናት ላሉት፣ አንድ ናት። ለአሥራ ዘጠኝ ቀበሌ አንድ።

ሻሽቱን ጠይቀዋል። ከሁለት ዓመት በፊት መቱ በኦፕራሲዮን የወለደቻት ልጅ ዛሬ ዶሮ እያባረረች ትሮጣለች፤ ለዓይን ነው የምታሳሳው። ሐኪሙ ያን ቀን የተናገረው ግን ከጆሮዬ አይጠፋም። ከእንግዲህ ካረገዘች ምጥ በጀመራት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ካልደረሰች ማህፀኗ ይተረተራል ነው ያለው። ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ለእኔ አምቡላንስ ማለት ሻሽቱ ናት። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አሥራ ዘጠኙ ቀበሌ ከእሷ ቀጥሎ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አሁን ያንገበገበኝን ልንገርዎ። ባለፈው ወር ከቡርቃ ዲማ ስልክ ተደወለ። ስልክ የሚይዘው ኮረብታው ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ሰውየው እያለከለከ ሚስቱ ምጥ ላይ መሆኗን ነገረን። በአርባ ደቂቃ ደረስን። ቤቱ ባዶ! ለካ እሱ ኮረብታ ሲወጣ የቃሬዛ ማኅበሩ ጥሩምባ ነፍቶ፣ ሴትዮዋን ተሸክመው በጫካው አቋራጭ ወርደዋል። እኛ በመኪናው መንገድ ስንወጣ እነሱ በጫካው ሲወርዱ ተላለፍን። ጫካ ውስጥ ወለደች። ልጁ አልተረፈም።

የማኅበሩን ዳኛ ኦቦ ደበሳን ያውቋቸዋል፤ እናቴን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው። ተቆጣኋቸው። «አርባ ዓመት የተሸከምን ሰዎች ሴት ስታምጥ እያየን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?» አሉኝ። «አዎ፣ ይቀመጡ!» አልኳቸው። በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው እንዲያ መናገሬ ነውር ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን አልተጸጸትኩም። አሁን ገበያ በቆመ ቁጥር ሰዉን ሰብስቤ አስተምራለሁ። «ቢልቢላ፣ ኤጋ!» እላለሁ፤ ደውሉ፣ ጠብቁ ማለት ነው። ልጆች ሲያዩኝ «ኤጋ! ኤጋ!» እያሉ ይጮሃሉ።

አንድ ሐሳብ አለኝ። ሰዉ እንዳያብድብኝ መጀመሪያ እርስዎን አማክራለሁ። ነገ ከነገ ወዲያ እጽፍልዎታለሁ።

ጋላቶማ፣ አመሰግናለሁ፣ ጋሼ። ሻሽቱ ሰላም ብላለች።

ዓያንቱ


መቱ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለዓያንቱ

ቀኖ አራት ማንኪያ ስኳር ነው የሚጨምረው። ይሄ ሰው አንድ ቀን ራሱ ተኝቶ ይሄድበታል በዚያ አምቡላንስ።

ሁለተኛው ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቃሬዛው ይቃጠል ወይ? ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሴ ይኸው፤ ይቃጠል! ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ እንጨት ላይ ሬሳ ስቀበል ኖሬአለሁ። ስንቱን አወረድኩ። ከእናትሽ በኋላ ያን ጠፍር ሳይ እጄ ይበርደኝ ነበር። ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ ሰው ሲደነግጥ ወደሚያውቀው ነገር ነው የሚሮጠው። ከሌለ ግን ይጠብቃል። ኦቦ ደበሳ ያኩርፉ፤ ሽማግሌ ማኩረፍ ልማዱ ነው፣ እኔን እያየሽ።

«ቢቸግርስ?» ብለሻል። አይዞሽ። አንቺ እያለሽ ምን ይቸግራል? በሰው ፊት ይሁን፣ በአደባባይ፣ ሁሉም እያየ ይቃጠል። እኔም ብችል መጥቼ ክብሪቱን እጭርልሽ ነበር።

ጋሼሽ


ከጤና ጣቢያው፣ ነሐሴ 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዲበኩሉ

ይቅርታ፣ ጋሼ፣ ዘገየሁ። በወር ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ እንወጣለን። ከወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የምጽፈው ዛሬ ነው፤ እሱም መኪናዋ ጎማ ስለምትቀይር ነው።

ቃሬዛው ሲቃጠል ወረዳው የሰጠን የምስክር ወረቀት ምን ይላል ብለዋል። «ከቃሬዛ ነፃ ቀበሌ» ይላል፣ በወርቅ ቀለም። የጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ፣ ከክትባቱ ሰንጠረዥ ጎን ሰቅለነዋል። ኦቦ ደበሳ መጡ ወይ ላሉት፣ መጥተዋል። እሳቱ ከመለኮሱ በፊት «አንድ ጊዜ» ብለው ጠፍሩን አንድ በአንድ ፈቱት። አጠቀለሉት። «ይሄ የአባቴ በሬ ቆዳ ነው፣ እሳት አይገባውም» ብለው በብብታቸው ይዘው ሄዱ። እንጨቱ ብቻ ነው የተቃጠለው። ሰዉ አጨበጨበ፣ እሳቸው አላጨበጨቡም። ከዚያ ወዲህ ከቡርቃ ዲማ ዘጠኝ እናቶች አምጥተናል፤ ዘጠኙም በሕይወት! ይሄንን ለእርስዎ ስጽፍ ደስታዬን አልደብቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አዎ፣ የሰሙት እውነት ነው፤ ሻሽቱ ነፍሰ ጡር ናት። ኅዳር ይሆናል። ጥቅምት ላይ ወደ እርስዎ እንድልካትና እስክትወልድ ሆስፒታሉ አጠገብ እንድትቆይ ያሉት ከልብዎ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገርኳት። ሳቀች። «ቡናው ደርሶ ማን ይለቅማል? ደግሞ የአምቡላንሷ ባለቤት እህቴ ናት፤ እኔ ሰው ቤት ሄጄ ልጎለት?» አለች። ጋሼ፣ ቅር አይበልዎ፣ እኔም አልተከራከርኳትም። ከቤቷ ጤና ጣቢያ አርባ ደቂቃ፣ ከጤና ጣቢያ መቱ ሁለት ሰዓት። ሐኪሙ ከሰጠን ጊዜ ተርፎ ይመለሳል። በዚያ ላይ የገዛ እህቴን ሌላ ቦታ ብልካት ሰዉ ምን ይላል? «እኛን ጠብቁ ትላለች፣ የራሷን ሰው ታሸሻለች» አይለኝም?

ይልቅ ለገንፎው ቅቤ ያዘጋጁ።

ዓያንቱ


መቱ፣ መስከረም 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለዓያንቱ

እንኳን አደረሰሽ። ሰላምታውን በዚህ ጨርሻለሁ፤ ተናድጃለሁ።

ስለ ቡና ለቀማ አትንገሪኝ። ቡና በየዓመቱ ይበስላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው! ክፍሉ ተጠርጓል፣ አልጋው ተነጥፏል፣ ከሆስፒታሉ በር ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ላኪያት ብያለሁ፤ ላኪያት። ሰው ምን ይላል ብለሽ የምትጨነቂው እህትሽ በሰላም ከወለደች በኋላ ይሁን።

የዚህን መልስ ለቀኖ ስጪው። ካልሰጠሽው ሻይ አላጠጣውም።

ዲበኩሉ


ከጤና ጣቢያው፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዲበኩሉ

ጤና ይስጥልኝ። ዘግይቼ በመጻፌ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደጋግመው የጻፉት ደርሶኛል።

ሥራው እንዴት ነው ላሉት ደህና ነው። ጓንት አልቆብን ነበር፣ መጣ። የኋላ ጎማዎቹ ሁለቱም ተቀይረዋል። ዝናቡ ቆሟል፣ መንገዱ እየደረቀ ነው። የደም ግፊት መለኪያው ተበላሽቶ ነበር፣ እሱም ተሠራ። ኦክስጅኑን ሞልተናል። ባለፈው ወር ከሌላ ቀበሌ ከወለደች በኋላ ደም እየፈሰሳት የመጣች ሴት መቱ አድርሰን ተርፋለች። ልጇም ደህና ናት። ሐኪሞቹ ሠላሳ ደቂቃ ብትዘገይ አትደርስም ነበር ብለዋል። ቤተሰቦቿ ለምስጋና አንድ ጀሪካን ማር ይዘው ጤና ጣቢያው ድረስ መጡ። የሁሩሙ ነጭ ማር ነው። አይሆንም ብላቸው እምቢ አሉ፤ አቅፈውኝ አለቀሱ።

ማሩን ለቀኖ ሰጥቼዋለሁ፤ ይብሉት። እኔ ዛሬ ዛሬ ማር አይስማማኝም።

ብርድ ስለሆነ ወገብዎን ይጠብቁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ዓያንቱ


መቱ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለዓያንቱ

ማር! እግዜር ይስጥልኝ። ጠጅ ልጥልበት ነው፤ ጎረቤቶቼ ከአሁኑ ሰላምታቸው በዝቷል። ሠላሳ ደቂቃ አልሽ? አየሽ? ያልኩሽ ይሄንን አይደል? እኔ ደጅ ቆሜ የምጠብቃትን ሴት አንቺ መንገድ ወጥተሽ ተቀበልሻት። ኮራሁብሽ። እውነቴን ነው፣ አለቀስኩ።

ግን አንቺ ልጅ፣ ስለ ጎማ ሁለት መስመር ጽፈሽ ስለ ሻሽቱ አንድ ቃል የለሽም። ኅዳር አለቀ እኮ። ወንድ ነው ሴት? ቀኖን ብጠይቀው ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ፤ ያ ሰው፣ አራት ማንኪያ ስኳር ጨምሮበት! ቅቤው ተነጥሮ ተቀምጧል። ቶሎ ጻፊልኝ።

ጋሼሽ


ከጤና ጣቢያው፣ ጥር 2 ቀን 2008 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እንኳን ለልደቱ አደረሰዎ። ስለ ሻሽቱ በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ቅቤውን እንዳይልኩት። ቀኖንም አይጠይቁት፤ አስምዬዋለሁ።

ዓያንቱ


መቱ፣ ጥር 16 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዓያንቱ

እግዚአብሔር ያጥናሽ። ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም፤ ሆኖም እጽፋለሁ።

ቀኖ መሐላውን አፈረሰ። አትቆጪው። ደብዳቤሽን አንብቤ «አስምዬዋለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁት፤ ደጄ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። የተናገረውን ጆሮዬ ስለማይሰማ ወረቀት ላይ ጻፍልኝ አልኩት። ጻፈልኝ። እንዲህ ያለ ነገር አንብቤ አላውቅም።

ሁሩሙን አልፋችሁ፣ መቱ ሃያ ደቂቃ ሲቀራችሁ ስልክሽ ጮኸ ይላል። አራርሳ ነበር፤ ከኮረብታው። ሻሽቱን ምጥ ይዟታል አለሽ። ቀኖ መኪናውን ዳር አስይዞ «ልመለስ?» አለሽ። ከኋላ ያቺ የማሩ ሴትዮ ደሟ ከአልጋው አልፎ ወለሉን እየነካ ነበር። ዞር ብለሽ አየሻት። ከዚያ «ንዳ» አልሽው። ለአራርሳም «ጠብቁ፣ እመጣለሁ» ብለሽ ዘጋሽ።

ጠበቁ። አራት ሰዓት ጠበቁ። ኦቦ ደበሳ ሁለት ጊዜ ጥሩምባቸውን አንሥተው፣ የአልጋ ቋሚ ነቅለንም ቢሆን እንሸከማት ቢሉ፣ ሻሽቱ ራሷ «ተዉ፣ እህቴ ጠብቁ ብላለች፣ በመንገድ ብንተላለፍስ?» ብላ ከለከለቻቸው ይላል። ያስተማርሻትን በደንብ ይዛ ነበር። ስትደርሺ ያገኘሽውን ቀኖ አልጻፈውም። እኔም ጻፍ አላልኩትም። እሷንም ሕፃኑንም በአንድ ጉድጓድ ብሎ አቆመ።

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። እኛ ፈርተን ነበር፣ አንቺም እኔም። ለእሷ ፈርተን ነው ሁሉን ያደረግነው።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። «ንዳ» ማለትሽ ልክ ነው። እኔም ብሆን ንዳ እል ነበር፤ እጅሽ ላይ ያለውን ሰው ጥለሽ አትሄጂም። ቃሬዛውን ያቃጠልሽው ግን አንቺ አይደለሽም። የአምናውን የታኅሣሥ ደብዳቤዬን አውጥተሽ እዪው። ይቃጠል ብዬ ጽፌአለሁ። ክብሪቱን እጭር ነበር ብዬአለሁ። «ቢቸግርስ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ አይዞሽ አልኩሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ደጅ የቆመ ሰው፣ አንዲት መኪና በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ እንደማትሆን ማወቅ አቅቶኝ ነው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ያስታጠቅኩሽ እኔ ነኝ።

ያን ቃሬዛ የጠላሁት የእናትሽን ሬሳ ስላመጣብኝ ነው። ያልደረሰችው በቃሬዛው ምክንያት አልነበረም፤ በመንገዱ ርቀት ነው። ያ እንጨት ግን ጠብቁ አላላትም፤ አነሣት።

ማሩን ከድኜ አስቀምጬዋለሁ። ጠጅ አልጣልኩበትም፣ አልጥልበትምም። ነይ፣ ጥቂት ቀን እኔ ጋ ተቀመጪ። ካልሆነም ጻፊልኝ፣ ስደቢኝ፤ ብቻ ዝም አትበዪ።

ዲበኩሉ


መቱ፣ ሰኔ 24 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለዓያንቱ

ይሄ ሦስተኛው ነው። ለሁለቱ አልመለስሽም። ቀኖ «በሥራ ላይ ናት፣ ትበላለች፣ ትተኛለች» ይለኛል፤ ይሄ የከብት ወሬ እንጂ የሰው ወሬ አይደለም።

ላስቸግርሽ አልፈልግም ነበር፣ ግን የሚጠይቅ መጣብኝ። ከጎኔ የምትኖረው የእትዬ አስካለማርያም ተከራይ ልጅ አለች፣ ኡርጂ የምትባል። አሥረኛ ክፍል ተፈትናለች። ቅጽ ስትሞላ የድንገተኛ ሕክምናን ልትመርጥ ፈልጋለች። አንቺን በአምቡላንሷ ስታልፊ አይታ ነው አሉ። ብልህ ልጅ ናት፣ ዓይኗ ቁስል አይፈራም። በየቀኑ ማታ ማታ እየመጣች «ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል?» ትለኛለች። እኔ ከዚህ በኋላ ለሰው ልጅ ምን ሙዪ እንደምል አላውቅም። ቅጹ የሚመለሰው ሐምሌ መጨረሻ ነው። ምን ልበላት?

አሁንም ቡርቃ ዲማ ትሄጃለሽ ወይ? ሰዉ እንዴት ተቀበለሽ? አራርሳስ?

ዲበኩሉ


ከጤና ጣቢያው፣ ሐምሌ 11 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዲበኩሉ

ደብዳቤ «ደህና ነኝ» ሳይባል አይጀመርም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሳልል ጀመርኩ። ሦስቱም ደርሰውኛል። ልሰድብዎ አስቤ ነበር፤ ብዕር ሳነሣ የምሰድበው አጣሁ።

አዎ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ልልቀቅ ብዬ ማመልከቻ ጽፌ ነበር፣ ቀደድኩት። ሌላ ሙያ አላውቅም። ቡርቃ ዲማ ትሄጃለሽ ወይ ላሉት፣ ለክትባት እሄዳለሁ። ለድንገተኛ ግን ከኅዳር ወዲህ ከዚያ ቀበሌ አንድም ስልክ ተደውሎልን አያውቅም። የሻሽቱ አርባ እንዳለፈ አዲስ ቃሬዛ ሠሩ። እንጨቱ አዲስ ነው፣ ጠፍሩ ግን ያው የኦቦ ደበሳ አባት በሬ ነው። ስለዚያ ያወቅኩት አንድ ቀን ስንሄድ ከጣሪያቸው ሥር ተሰቅሎ አይቼው ነው። ማንም አልደበቀኝም፣ ማንም አልነገረኝም።

አራርሳን ጠይቀዋል። ያገኘሁትን ልጻፍልዎ።

ያለፈው ማክሰኞ ከክትባት ስንመለስ ዳገቱ ላይ ደረስንባቸው። ጫካው በክረምት ስለማያሳልፍ በመኪናው መንገድ ነበር የሚሄዱት። አሥራ ስድስት ያህል ሰዎች፣ አራቱ ተሸክመዋል። ዝናብ ነበር። ቀኖ ቀድሟቸው አቆመ። ዘልዬ ወርጄ የኋላውን በር ከፈትኩ፣ አልጋውን ሳብኩ፣ ጓንት አደረግኩ። ቃሬዛው ላይ ምጥ የያዛት ሴት አለች፤ ድምጿ ወጥቶ አያልቅም፣ ታቃስታለች ብቻ። ከፊት በቀኝ በኩል የተሸከመው አራርሳ ነበር።

«አራርሳ፣ በናትህ አስገቧት፣ ጤና ጣቢያው ሃያ ደቂቃ ነው» አልኩት።

ሳይቆም «ኤግኔ» አለኝ። ጠበቅን ማለቱ ነው። ቁጣ የለበትም፣ ጋሼ። ቢቆጣ እኮ ይሻለኝ ነበር። ሰዓት የጠየቅኩት ያህል ነው የመለሰልኝ። ሌሎቹም ከተከፈተው በር በግራና በቀኝ ተከፍለው አለፉ።

የሴትዮዋን ባል ለመንኩት። ኦቦ ደበሳን እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። «ልጄ፣ ተነሺ፣ ጭቃ ነው» አሉኝ። አነሡኝና ጥለውኝ ሄዱ።

ቀኖ «ምን ላድርግ?» አለ። «ተከተላቸው» አልኩት። እኔ አልተሳፈርኩም። ከቃሬዛው ኋላ በእግሬ ሄድኩ፣ መኪናዋ ባዶዋን ከእኔ ኋላ በአንደኛ ማርሽ ትከተለኛለች። ትከሻ በሚቀያየሩበት ቦታ ሁሉ ግሉኮሱን ይዤ ጠጋ እላለሁ፣ ኦቦ ደበሳ በእጃቸው ይመልሱኛል። ወንዙን ሲሻገሩ የሴትዮዋ ጋቢ ተንሸራቶ ወደቀ። ማንም አላየውም። አነሣሁት። ውሃ ጠጥቶ ከብዶ ነበር። እጄ ግሉኮስ ስለያዘ በራሴ ላይ አደረግኩት። እንዲያ ሆኜ ሦስት ሰዓት ተኩል ሄድኩ። ጋሼ፣ መንገዱን እግሬ አስታወሰው።

ሴትዮዋ ተርፋለች። ልጁ ሞቶ ተወለደ። አዋላጇ ልቡ ከቆመ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም አለችኝ። እኔ በሩን ስከፍት በሕይወት ነበር ማለት ነው። ሰዎቹ ግን ሴትዮዋ በመትረፏ ደስ ብሏቸው፣ ቃሬዛውን አጥበው፣ ግድግዳው ላይ አስደግፈው አደሩ። በማግስቱ በባዶ ቃሬዛ እየዘፈኑ ተመለሱ። ከእንግዲህ ማን ምን ይላቸዋል? ደርሰዋል።

መዝገቡ ላይ «በምን መጣች» የሚል ቦታ አለ። «በቃሬዛ» ብዬ ሞላሁት። የምስክር ወረቀቱ እዚያው ከበላዬ ተሰቅሏል፤ ማውረድ የማን ሥራ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

የሻሽቱ ልጅ አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ስታየኝ አባቷ ኋላ ትደበቃለች። ነጩን መኪና ትፈራለች አሉኝ።

ስለ ኡርጂ ላሉኝ። ደብዳቤዎን ካገኘሁ ጀምሮ አስቤበታለሁ። ሙዪ ብልዎ እንደዚያው ይሆናል፣ አትሙዪ ብልዎ ደግሞ እነዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀበሌዎች አሉ። ዛሬ ማታም ትመጣለች፣ አይቀርም። ዝናብ መትቷት ከሆነ እሳት ዳር ያስቀምጧት። ሻይና ዳቦ ይስጧት። ፋሻ ግን፣ ጋሼ፣ እባክዎን እንዳያስይዟት።

ዓያንቱ